ጥቆማ፦ የሦስት ሰዓት አኒሜሽን በአንድ ዲቪዲ ለማስጫን ፒያሳ፣ ሜክሲኮ ወይስ ቤት?

የሠራነውን 26 ክፍል የሕፃናት አኒሜሽን ለመዋዕለ ሕፃናት የምናቀርበው በዲቪዲ ነው፤ ብዙዎቹ መምህራን ክፍል ውስጥ ያላቸው አሮጌ ቴሌቪዥንና ዴክ ነውና። እያንዳንዱ ክፍል 7 ደቂቃ ስለሚፈጅ ጠቅላላው 182 ደቂቃ ይሆናል። ይህን በአንድ ዲስክ ለማስገባት ፒያሳ ያለ አንድ ሲዲ ቤት፣ ሜክሲኮ አካባቢ ያለ የቪዲዮ ኤዲቲንግ ቤት፣ በመጨረሻም የራሳችንን ኮምፒውተር ሞክረናል።

የፒያሳው ቤት ፈጣን ነው፤ ጠዋት የሰጠነውን ፍላሽ ከሰዓት በኋላ በዲስክ ተቀበልን። ከፍተን ስናየው ግን በአህያዋ ጆሮ ዙሪያ ጉንዳን የሚርመሰመስ ይመስል ነበር፤ ጥቁሩ መስመር በተንቀሳቀሰ ቁጥር አጠገቡ ያለው ነጭ ሰማይ ይንቀጠቀጣል። ፋይሉን ስመረምር ድምፁ ሳይጨመቅ በፒሲኤም መግባቱን አየሁ። እንዲህ ያለው ድምፅ ብቻውን በሰከንድ 1536 ኪሎቢት ይወስዳል፤ ኤሲ-3 በተባለው የድምፅ መጨመቂያ ቢጨመቅ ግን ለንግግርና ለመዝሙር 192 ኪሎቢት በቂው ነው።

ስለዚህ ወደ የትኛውም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት ስሌቱን ራሳችሁ ሥሩት። ተራው ዲቪዲ 4.7 ጊጋባይት፣ ማለትም 37,600 ሜጋቢት ይይዛል፤ ይህ ለእኛ 10,920 ሰከንድ ሲካፈል በሰከንድ 3.4 ሜጋቢት ገደማ ይደርሳል። ከዚህ ላይ ፒሲኤም 1.5 ሲወስድ ለምስሉ የሚተርፈው 1.9 ብቻ ነው፤ በኤሲ-3 ግን 3.2 ይቀራል። እኛ ለማውጫውና ለመጠባበቂያ ትንሽ ቀንሰን 3.1 ላይ ቆምን። ለካሜራ ፊልም ይህ ሳያንስ አይቀርም፤ አኒሜሽን ግን ሰፋፊ አንድ ወጥ ቀለም ስላለውና አንዱ ሥዕል ብዙ ጊዜ ለሁለት ፍሬም ሳይለወጥ ስለሚቆይ በጥቂት ቢትሬት (ለአንድ ሰከንድ በሚመደብ የመረጃ መጠን) ይረካል። ቢትሬቱን የሚጠይቀው መስመሩ ነው። በመሆኑም ሥራው በሁለት ዙር ይሁን፦ በመጀመሪያው ዙር ፕሮግራሙ ትዕይንቶቹን ይመዝናል፣ በሁለተኛው ከቆመው ምስል ቀንሶ ለሚሯሯጠው ይሰጣል።

የሜክሲኮው ቤት ይህን ብዙ ሳናብራራ ተረድቶናል፤ አንድ ክፍል ለናሙና ሠርቶም አሳየን። ክፍያው ከፒያሳው ከፍ ይላል፣ ሦስት ቀንም አቆይቶናል፤ ኮምፒውተር የማይነካ ሰው ግን ወደዚህ ዓይነት ቤት ቢሄድ ይሻለዋል። የምስሉ መጠን 720 በ576 ፒክስል ሆኖ እንዲቆይ አስረግጣችሁ ንገሩ። «ሰባት ሰዓትም ይገባል» የሚላችሁ ሰው ምስሉን ወደ 352 በ288 ሊያወርደው ነው፤ ያኔ የገጸ ባሕርያቱ ቅንድብ እንኳ አይለይም።

ሥራውን ራሳችሁ ቤት ውስጥ ለመሥራት ቪዲዮውን የሚጨምቀው ኤፍኤፍኤምፔግና ዲስኩን ከነማውጫው የሚያዘጋጀው ዲቪዲ ስታይለር የተባሉት ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ዲቪዲ ስታይለር የተዘጋጀውን ቪዲዮ እንደገና እንዳይጨምቀው «ኮፒ» የሚለውን መምረጥ ያስፈልጋል። ሥራው ሌሊቱን ስለሚያድር፣ መብራት ሲሄድ ከመጀመሪያው ላለመጀመር ባትሪው ደኅና የሆነ ላፕቶፕ ይመረጣል።

ዴኩ አዲስ ሆኖ ኤች.264 በተባለው አዲስ ዓይነት የቪዲዮ መጨመቂያ የተሠራ ፋይል የሚያነብ ከሆነ ነገሩ ይቀላል። ሃንድብሬክ በተባለው የቪዲዮ መጨመቂያ ፕሮግራም የጥራቱን ቁጥር 20፣ ማስተካከያውን «አኒሜሽን» ብናደርገው የእኛ 26 ክፍል ከዲስኩ ግማሽ በታች ሆነ። ቀለሙን በ10 ቢት የሚመዘግበውን ምርጫ ግን አትምረጡ፤ ብዙ ማጫወቻ አያነበውም። ዴኩ ላይ የዲቪኤክስ (የሌላ ቪዲዮ መጨመቂያ) ምልክት መኖሩም ኤች.264 ያነባል ማለት አይደለም። ባለ ሁለት ሌየሩን (መረጃ በሁለት ንብርብር የሚጻፍበትን) የ8.5 ጊጋባይት ዲስክም ሞክረን ነበር፤ ከዴኮቻችን አንዱ ሁለተኛው ሌየር ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ስለቆመ ተውነው።

አሁን ዲስኩን ቤት አዘጋጅተን፣ ወደ ፒያሳ የምንወስደው ለማባዛት ብቻ ነው። ባለሱቁን በ16 ሳይሆን በ8 ፍጥነት እንዲጽፍ እንጠይቀዋለን፤ የመጀመሪያውን ቅጂም ካሉን ዴኮች ሁሉ አሮጌው ላይ እስከ 26ኛው ክፍል ሳናየው ቀሪውን አናስባዛም።