የፈረስ ስም ለልጅ?

የጅሬን ልጅ፦ ትናንት አንድ ወንድማችን አራስ ልጁን ጅፋር ሊለው እንዳሰበ እዚህ ሲነግረን የተሳቀበት ነገር አልተዋጠልኝም። «የፈረስ ስም ለልጅ?» ተባለ። ጅማ ተቀምጦ በአባ ጅፋር መሳቅ!

አዌቱ ማዶ፦ ያልኩት እኔ ነኝ፣ አሁንም እላለሁ። በንጉሡ ማን ሳቀ? አባ ጅፋር ማለት የጅፋር ጌታ ነው። ጅፋር ፈረሱ ነው። ንጉሡን ማክበር ከፈለገ የራሳቸውን ስም ያውጣለት። አንደኛው አባ ጅፋር ሳና ነበር ስማቸው።

የሄርማታው፦ እሺ ሊቁ። ታጠቅስ? ዳኘውስ? ነጋስ? የቴዎድሮስ፣ የምኒልክና የአሉላ ፈረሶች ናቸው። ታጠቅ የሚባል ሰው ቤትህ ቢመጣ ሣር ልታቀርብለት ነው?

አዌቱ ማዶ፦ እነሱ መጀመሪያም የሰው ስም ናቸው። ከሰው የወሰደው ፈረሱ ነው።

የሄርማታው፦ «መጀመሪያም»! አጠገባቸው ነበርክ? ቃኘውስ? የራስ መኮንን ፈረስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 ኮሪያ የገባው የኢትዮጵያ ሻለቃ ጦር በዚያ ስም ሲጠራ ማን ሳቀ?

አዌቱ ማዶ፦ ሻለቃ አንደኛ ክፍል ገብቶ አይሾፍበትም። የማወራው ስለ ልጅ ነው።

ፈረንጅ አራዳ፦ ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ፕሪሚየር ሊጉን ሲበላ ግን የፈረስ ስም ነው ያለ አልነበረም። ሁላችሁም አደባባይ ነበራችሁ።

አዌቱ ማዶ፦ ክለቡ አባ ጅፋር እንጂ ጅፋር አይደለም! «አባ»ዋን አትዋጧት።

የሄርማታው፦ ከዋንጫው በኋላ ክለቡ የት ደረሰ ብላችሁ ባትጠይቁ ይሻላል።

ፈረንጅ አራዳ፦ አንተ ስታዲየም ገብተህ ታውቃለህ?

የጅሬን ልጅ፦ ኳሱን ተዉት እባካችሁ። ድሮ ጀግና የሚፎክረው በፈረሱ ስም ነበር፤ ክብሩም እሱ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1830 እስከ 1855 የነገሡትን ሰው ሳና ብላችሁ ገበያ ውስጥ ጠይቁ፣ ማን ያውቃቸዋል? አባ ጅፋር በሉ፣ ሕፃኑም ያውቃል። በኋላ እስከ 1932 ድረስ 54 ዓመት የነገሡትም የሚታወቁት በዚሁ ስም ነው። ስሙ ከፈረሱ ወጥቶ የአገር ሆኗል።

አዌቱ ማዶ፦ የአገር ከሆነማ ለአገር ይሁን። ለልጁ ሳና በሉት፣ እኔው መጥቼ እመርቃለሁ።

ፈረንጅ አራዳ፦ ሳና? የሴት ስም ነው የሚመስለው።

አዌቱ ማዶ፦ የሴት ስም?! አሁን በንጉሡ ስም የሳቀው ማነው?