ሶሻል ወርከር ጋ ሂዱ ተባልን፣ እሷ ጋ የሚኬደው ብር ለመጠየቅ ነው እንዴ?

የቦንጋ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁም። የወንድሜ ልጅ 6 አመቱ ነው፣ የደም ካንሰር ተብሎ ሪፈር ተጽፎለት ከቦንጋ ጅማ መጥቶ ተኝቷል። ኬሞ (የካንሰር መድሀኒቱን) ከጀመረ ወር አለፈው፣ አሁን ቁጭ ብሎ ይበላል ይጫወታል ተመስገን ነው። ችግሩ ወንድሜ ልጄ ድኗል ይዤው ልግባ እያለ ነው፣ ቡናው ቀልቷል ለቃሚ የለም፣ ሚስቱ ከትንንሾቹ ጋር ብቻዋን ናት፣ ብሩም አልቋል። ዶክተሩ ህክምናው ገና ነው፣ የሆስፒታሉን ሶሻል ወርከር አነጋግሩ አለን፣ ወንድሜ ደግሞ እኔ ለማኝ አይደለሁም ብሎ አኮረፈ። ምን እንደምትሰራ የምታውቁ ንገሩኝ፣ እኔ የምኖረው እዚሁ ጅማ ስለሆነ ነገ ይዤው ልሄድ እችላለሁ።

ሲስተር ነኝ፦
እህቴ ከሁሉም በፊት ልጁ እንዳልዳነ ወንድምሽ ይወቅ። የመጀመሪያው ወር ኬሞ በሽታውን በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ያወርደዋል፣ ግን ተደብቆ የሚቀር አለ፣ እዛ ላይ ከተቋረጠ ይመለሳል፣ ሲመለስ ደግሞ ለማከም በጣም ከባድ ነው። ልጆች ላይ የሚበዛው አይነት የደም ካንሰር ህክምናው ከ2 እስከ 3 አመት ይወስዳል፣ ግን ሁሉንም ተኝቶ አይደለም ከባዱ ካለፈ በኋላ በቀጠሮ እየተመላለሰ ነው። ደግሞ ፈቃድ አግኝቶ ቤት ቢገባ እንኳን ካተኮሰው ይንጋ አይባልም ወዲያው ሀኪም ቤት ነው፣ ኬሞ ላይ ያለ ልጅ ኢንፌክሽን በሰአታት ሊጥለው ይችላል። ይሄን እባክሽ ቀለል አድርጋችሁ አትዩት።

እናት ከአጋሮ፦
የኔም ልጅ ታሞብኝ ስለነበር አውቀዋለሁ፣ እኔም ደብዳቤ የምትጽፍ ብቻ መስላኝ ነበር። መጀመሪያ የጠየቀችኝ ቤት ማን ቀረ፣ ማን ያበስላል፣ ትልቋ ትምህርት አቋረጠች ወይ፣ አንቺ መቼ ተኛሽ ብላ ነው፣ እስከዛ ድረስ ስለ እኔ የጠየቀ ሰው ስላልነበረ እዛው አለቀስኩ። ከዛ ዶክተሩ ያለውን እስኪገባኝ ድረስ አስረዳችኝ፣ እኔ ራውንድ ላይ፣ ሀኪሞቹ እየዞሩ ሲያዩን፣ አፍሬ ያልጠየቅኩትንም ገብታ ጠየቀችልኝ። ወንድምሽ ቢሄድ ክብሩ አይነካም።

ቆጪ ሰፈር፦
ስለ ብሩ ልጨምር። የጤና መድህን ደብተር አላቸው? ካላቸው እድሳቱ እንዳያልፍ እዩት፣ ሪፈሩም ከጤና ጣቢያ ጀምሮ ደረጃውን ጠብቆ የመጣ መሆን አለበት ካልሆነ ክፍያ ላይ ችግር ይመጣል። መክፈል የማይችል ቤተሰብ በቀበሌ ተለይቶ ወረዳው መዋጮውን የሚከፍልለት አሰራር አለ ይሄን ጠይቁ። ትራንስፖርትና የአስታማሚ አልጋ ግን መድህን አይሸፍንም፣ ሰው የሚሰበረው እዚህ ጋ ነው። እና እውነቱን ለመናገር ሶሻል ወርከርም እጇ ላይ በጀት ላይኖራት ይችላል፣ ብዙ ተስፋ አድርጋችሁ እንዳትሄዱ።

የልጆች ሶሻል ወርከር፦
ልክ ነው፣ ብር ልንሰጥ የማንችልበት ጊዜ ብዙ ነው። የማደሪያና የትራንስፖርት እርዳታ ያላቸው ማህበራት ካሉ እናገናኛለን፣ ለወረዳና ለቀበሌ ደብዳቤ እንጽፋለን። ግን የወንድምሽ ዋና ጥያቄ ቡናው ይመስለኛል፣ እሱ ደግሞ ሊሰራበት የሚችል ነገር ነው። የአመት ገቢው ዛፍ ላይ እያለ ዝም ብለህ ተቀመጥ አይባልም። ነገ ስትሄዱ ይሄንኑ በግልጽ ይናገር፣ ለቀማው ስንት ሳምንት ነው፣ በዛ ጊዜ አንቺ ወይ አያቱ ማስታመም ትችላላችሁ ወይ፣ ጎረቤት ወይ እድሩ በደቦ ሊያግዘው ይችላል ወይ፣ ከዛ ሶሻል ወርከሯ ከዶክተሩ ጋር ቁጭ ብላ የቀጠሮውን ነገር ታያለች። አንዳንዴ ጥቂት ቀን ማስተካከል ይቻላል አንዳንዴ በፍጹም አይቻልም፣ እሱን የሚወስነው ሀኪሙ ነው። ሳይናገር ይዞ መጥፋት ነው የምንፈራው። የአለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ሀብታም አገር ካንሰር ከያዛቸው ልጆች ከ80 በመቶ በላይ ይድናሉ፣ በብዙ ደሀ አገር ግን ከ30 በመቶ በታች ነው፣ አንዱ ምክንያት ህክምና ማቋረጥ ነው። ሌላ ደግሞ፣ ወንድምሽ የሚቀናው ካፊኛ ከሆነ በካፊኛ ይነገረው፣ አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ታላቅ ልጁን አታስተርጉሙት ይከብደዋል።

የቦንጋ ልጅ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። አሁን ደውዬ የቡናውን ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ነገ ጠዋት እንሄዳለን። ልጁ ግን ለምን ቤት አልሄድም እያለ ያለቅሳል፣ ነገ ትሄዳለህ እያልን እየሸነገልነው ነው፣ እሱስ ይሻላል?

የልጆች ሶሻል ወርከር፦
አይሻልም እህቴ፣ ነገ እየተባለ ሲያልፍበት እናንተንም ማመን ያቆማል። ደምህ ታሟል፣ መድሀኒቱ ብዙ ጊዜ ይፈጃል፣ ያመምከው ስላጠፋህ አይደለም በሉት፣ 6 አመት ለዚህ ይበቃል። መርፌ ባለበት ቀን አያምም አትበሉት፣ ትንሽ ያማል እጅህን እይዝሀለሁ በሉት። እናቱን በስልክ በየቀኑ አገናኙት፣ ነገ ሶሻል ወርከሯ ጋ ስትገቡም ለእሱ እንድትነግርላችሁ ጠይቋት፣ ይሄም ስራዋ ነው።