የክረምቱ የስፒከር ፕሮፖዛል፦ እስከ አርብ ሐሳብ ስጡ

ፀሐፊው፦ አርብ መግባት አለበት። ለ40 ልጆች ነው፣ በሁለት ቅዳሜ የየራሳቸውን ስፒከር ሰርተው ይዘው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ለአንድ ልጅ የወረቀት ኩባያ፣ ባለ 0.2 ሚሊሜትር የመዳብ ሽቦ 7 ሜትር ገደማ፣ ማግኔት፣ የተቆረጠ የኢርፎን ገመድ። ሽቦው ዲናሞ ከሚጠቀልሉት ጋ በኪሎ ይገኛል፣ ማግኔቱን ፒያሳ ካሉት ሬዲዮ ሰሪዎች ከተበላሸ ስፒከር እየነቀልን ነው። የአምናው የቴሌስኮፕ ብር ነገር እንዳይደገም በጀቱ ላይ ያላችሁን አሁን ተናገሩ

የኮምቦልቻው፦ ከስፒከር ማግኔት ነቅሎ ስፒከር ሰራሁ ማለት ምን ማለት ነው? ይሄ ጥገና ነው

ቧንቧ ውሃ (የደሴ ሰፈር ልጅ)፦ ጀመረ ደሞ

የኮምቦልቻው፦ ፕሮፖዛሉ "በገዛ እጃቸው የሰሩት" ይላል፣ ውጭ ያሉት ብር የሚልኩት ይሄን አንብበው ነው፣ ነገ ፎቶውን አይተው ይሄ የሬዲዮ ማግኔት አይደል ወይ ቢሉ ማን ነው የሚመልሰው

የሙጋዱ፦ ታዲያ ማግኔት ከየት ይወለድ? ሽቦውንስ አንተ ነህ ያቀለጥከው? ኩባያውንስ?

ሆጤ፦ ሽቦውን ለኔ ተዉት፣ ነገ ናሙና ሰርቼ ቪዲዮ እለቃለሁ

የሐይቋ፦ ኧረ ማግኔቱ ከየትም ይምጣ! ከስልኩ የሚወጣው ከረንት በሴኮንድ መቶም ሺህም ጊዜ አቅጣጫ ይቀያይራል፣ ኩባያው ላይ የተጣበቀው የሽቦ ጥቅል አንዴ ወደ ማግኔቱ ይሳባል አንዴ ይገፋል፣ ኩባያውን ይዞ ይርገበገባል፣ አየሩን ይገፋል፣ ድምፅ ማለት እሱ ነው። ኦርስትድ በ1820 እ.ኤ.አ. ከረንት ያለው ሽቦ የኮምፓስ መርፌ ሲያዞር ያየው ነገር ነው እንጂ ሌላ ተአምር የለውም። ልጁ መጀመሪያ የባትሪ ድንጋይ ያገናኝበት፣ አንዴ ጧ ብሎ ዝም ይላል፣ ከዛ ስልክ ሲሰካበት ይዘፍናል። ለምን ብሎ እንዲጠይቅ ነው የምንለፋው

የኮምቦልቻው፦ ከየትም ይምጣ ካልሽ ይገዛ

ገንዘብ ያዥ፦ በምን ብር

ቧንቧ ውሃ፦ እነሱ ፋብሪካ ስላላቸው ሁሉ ነገር ከብረት ማቅለጫ ካልተጀመረ አይጥማቸውም

የኮምቦልቻው፦ ሰፈር ውስጥ አትግባ። የቴሌስኮፑ ብር የጠፋው ኮምቦልቻ አይደለም

ፀሐፊው፦ ይሄ ንግግር ይነሳ

የኮምቦልቻው፦ ጠፋ ነው ያልኩት፣ ተበላ አላልኩም

ጡረተኛው መምህር፦ እናንተ ልጆች፣ ያለ ቋሚ ማግኔትም ይሰራል እኮ። ራይስና ኬሎግ የሚባሉት የጄኔራል ኤሌክትሪክ ሰዎች በ1925 እ.ኤ.አ. የዛሬውን ዓይነት ስፒከር ሲያወጡ ማግኔቱ ራሱ በከረንት የሚሰራ የሽቦ ጥቅል ነበር፣ ያኔ ጠንካራ ቋሚ ማግኔት እንዲህ እንደልብ አይገኝማ። ትልቅ ብሎን ላይ ሽቦ ጠቅልላችሁ ባትሪ ስጡት፣ ያው ማግኔት ነው፣ ይነስ እንጂ

የኮምቦልቻው፦ አያ አንቱ ካሉ እሺ። ብሎን ይሁን

የሙጋዱ፦ አያ፣ ባትሪው ወዲያው ነው የሚሞተው፣ ድምፁም ይደክማል

ገንዘብ ያዥ፦ የባትሪ በጀትም የለም

የሐይቋ፦ ስለ ማግኔት ስትነታረኩ ሮብ አለቀ። ሆጤ ናሙናው የታል?

ቧንቧ ውሃ፦ ሆጤ ከሰኞ ጀምሮ የለም

የሙጋዱ፦ እኔ ሰራሁት፣ በተነቀለው ማግኔት። ትልቁ የባትሪ ድንጋይ ላይ 70 ዙር ያህል ጠቀለልኩ፣ ሬዚስታንሱ (ሽቦው ከረንቱን የሚቋቋምበት መጠን) 4 ኦም ሊደርስ ምንም አልቀረው፣ ከዛ ድንጋዩን አውጥቼ ጥቅሉን ኩባያው ቂጥ ላይ በማጣበቂያ። የሽቦውን ጫፍ ቫርኒሽ በብርጭቆ ወረቀት ካልፋቃችሁት ዝም ነው የሚለው፣ ይሄን ለልጆቹ አስቀድማችሁ ንገሩ። አምባሰል ከፈትኩበት፣ ጥርት ብሎ ይሰማል ግን ጆሮ አስጠግቶ ነው

ገንዘብ ያዥ፦ አስጠግቶ ማለት?

የሙጋዱ፦ ከስልክ የሚወጣው ጉልበት ለኢርፎን የታሰበ ነው፣ ከዚህ በላይ አምፕሊፋየር ይፈልጋል

ገንዘብ ያዥ፦ ታዲያ የመዝጊያው ቀን አዳራሽ ሙሉ እንግዳ ተጠርቶ ምን ሊሰማ ነው? ለጋሾቹም ይመጣሉ

ቧንቧ ውሃ፦ ሞንታርቦ ይከራያላ፣ ንግግር አድራጊም አለ

ፀሐፊው፦ በየዓመቱ ከምንከራይ አንድ ብንገዛስ? ለስብሰባም ለሰርግም ይሆናል

ገንዘብ ያዥ፦ እሱ ነው ሐሳብ፣ እያከራየን ገቢ ያመጣል

የሐይቋ፦ ልጆቹስ?

ፀሐፊው፦ ልጆቹ አሉ፣ 12 ቢሆኑ ይበቃል፣ ሌላው ያያል። "የድምፅ መሳሪያ ግዢና ስልጠና" ብዬ ልፃፈው

የኮምቦልቻው፦ በዚህ እስማማለሁ። ማስቀመጫ እኛ ጋ አለ

ቧንቧ ውሃ፦ ሞንታርቦ ኮምቦልቻ?! ደሴ ለሚደረግ ስብሰባ በመኪና ልናመላልሰው ነው?

የኮምቦልቻው፦ ደሴ የተቀመጠ ዕቃ የት እንደሚደርስ አይተናል

የሐይቋ፦ አቦ እኔን ከስሙ ዝርዝር አውጡኝ

ጡረተኛው መምህር፦ አንቺ ልጅ አትኩረፊ፣ 12ቱን እኔና አንቺ እንይዛቸዋለን

የሙጋዱ፦ ሽቦው ለ40 ልጅ ተብሎ በኪሴ ተገዝቷል፣ ደረሰኙ እጄ ላይ ነው፣ ለማን ልስጥ?

ገንዘብ ያዥ፦ ከአርብ በኋላ እናየዋለን