ከሐዋሳ ወደ ጋምቤላ፦ ጫካውና ወንዙ አንድ ላይ ይገኛሉ?

ጠያቂ፦ የታቦር ሥር

ሰላም ለሁላችሁም። ጥር መጨረሻ ላይ ልጆቹ የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት ሲወጡ እኔም ፈቃድ አለኝ። ሐዋሳ ስለምንኖር ሐይቅ አይተን ጠግበናል። ዘንድሮ ያማረን የሚፈስ ትልቅ ወንዝ ዳር ያለች፣ ዙሪያዋ ጥቅጥቅ ያለ ደን የሆነ ከተማ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ጋምቤላ ሂዱ፣ ባሮ አለ፣ ጫካ አለ፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?" አለኝ። ባለቤቴ ግን ሙቀቱንና ወባውን ፈርታለች።

እኔ፣ ባለቤቴ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅ፣ የ9 ዓመት ሴት ልጅ፣ ምናልባትም አማቴ ነን። ያለችኝ መኪና ቪትዝ ናት። ሳቁ፣ ግድ የለም።

ከተማዋ እውነት በደን የተከበበች ናት? ጥር ይመቻል? ቪትዟ ትችላለች ወይስ በአውሮፕላን ይሻላል? ልጆቹ ወንዙ ውስጥ መዋኘት ይችላሉ? የምታውቁ ተባበሩኝ።

የመቱ ልጅ

ባልደረባህ ነገሩን ጨፍልቆ ነው የነገረህ። ጋምቤላ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ቆላ ናት። ወንዙ ዳር ትልልቅ ዛፎች አሉ፣ ከዚያ ወጣ ስትል ግን ረጅም ሣርና አለፍ አለፍ ብሎ የቆመ ዛፍ ነው የምታየው። አንተ የምትፈልገው ዝናባማ ደን ያለው ከላይ፣ እኛ ጋ ነው። መቱ፣ ጎሬ፣ ማሻ። ጎሬ 2,000 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፣ ዝናቡም ከመጋቢት እስከ ኅዳር እምብዛም አይለቃትም።

ግን ሁለቱ የተለያየ ዓለም እንዳይመስልህ። መቱ አጠገብ የሶር ፏፏቴ አለ። የሶር ውሃ ጌባ ወንዝ ይገባል። ጌባና ብርብር ሲገናኙ ባሮ ይባላሉ። ስለዚህ ልጆችህ መቱ ላይ ሲወድቅ ያዩት ውሃ ጋምቤላ ድልድይ ሥር ያልፋል። ከዚያም ደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ከፒቦር ጋር ሶባት ይሆንና ነጭ ዓባይን ይቀላቀላል።

እኔ ብሆን ጋምቤላን ብቻዋን አላያትም። መጀመሪያ መቱ አድሬ ጫካውን አያለሁ፣ ከዚያ በቀን ብርሃን ወደ ባሮ እወርዳለሁ። ከጎሬ ቡሬ፣ ከቡሬ ቁልቁል ያለው መንገድ ነው የጉዞው ዋና ነገር። ጠዋት ሹራብ ለብሰህ ተነስተህ ከሰዓት ሸሚዝህ ጀርባህ ላይ ይጣበቃል። ደኑ እየሳሳ፣ ሣሩ እየረዘመ፣ አየሩ እየከበደ ሲሄድ በመስኮት ታየዋለህ። ይህን ካልወረድክ ጋምቤላ ሞቃት ከተማ ብቻ ትሆንብሃለች።

ሎጊታ

ይህ ሁሉ ድካም ለምን? ወንዶ ገነት አፍንጫችሁ ሥር ነው። ደን አለ፣ ዝንጀሮ አለ፣ ፍል ውሃ አለ፣ ማታ ቤታችሁ ትገባላችሁ።

የታቦር ሥር

ሎጊታ፣ ወንዶ ገነትን ልጆቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ትልቅ ወንዝ ደግሞ የለውም።

ሹፌሩ

ወንድሜ፣ ስለ ቪትዟ እውነቱን ልንገርህ። አስፋልት ላይ ትሄዳለች። ችግሩ አምስት ሰውና ሻንጣ ጭነህ ዳገት ስትወጣ ነው፤ ለመቅደም ጉልበት ታጣለህ። ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተትክ ጭስ ስትስብ ትውላለህ። ጉድጓድ ካጋጠመህ ደግሞ ሆዷ መሬት ይነካል። ወደ ሶር የሚወስደው የገጠር መንገድ ላይማ አታስባት።

ከሐዋሳ ሁለት መንገድ አለህ። አንዱ በሶዶ አድርጎ ኦሞን ተሻግሮ በዳውሮ፣ በጭዳ ጅማ የሚያወጣው ነው። ውበቱ አይነገርም፤ ግን ጠመዝማዛ ነው፣ ልጆች ያስመልሳቸዋል። ከመግባትህ በፊት ሶዶ መናኸሪያ ቆም ብለህ ከዚያ በኩል የመጡ ሹፌሮችን ጠይቅ። ሁለተኛው አዲስ አበባ ወጥቶ በወልቂጤ ጅማ መውረድ ነው። ዙሪያ ጥምጥም ቢሆንም የለመደ መንገድ ነው። ከጅማ በኋላ ሁለቱም አንድ ናቸው፦ አጋሮ፣ በደሌ፣ መቱ፣ ጎሬ፣ ጋምቤላ። ከመቱ ጋምቤላ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከአዲስ አበባ ጋምቤላ ደግሞ ከ700 በላይ ነው፣ ስለዚህ በአንድ ቀን እደርሳለሁ አትበል።

ሦስት ነገር አደራ። ቤንዚን ጅማ ላይ ሙላ፣ በደሌ ወይም መቱ ካገኘህ ደግመህ ሙላ፤ "ወደፊት አገኛለሁ" ብለህ አትለፍ። ኬላ ላይ ስለምትጠየቅ መታወቂያ ሁላችሁም ያዙ፣ አማትህም ጭምር። ከ11 ሰዓት በኋላ አትንዳ። ያ አካባቢ አንዳንዴ ጸጥታው ይደፈርሳል። ከመነሳትህ በፊት በነበረው ሳምንት መቱም ጋምቤላም ያለ ሰው ጋ ደውለህ "መንገዱ ሰላም ነው ወይ?" በል። ካልተመቸ ሌላ ጊዜ ትሄዳለህ፣ ባሮ የትም አይሄድም።

ሲስተር ከአቶቴ

ስለ ወባው እኔ ልመልስ። ሐዋሳም ወባ ስላለ ለምደነዋል ብለን እንዘናጋለን። የጋምቤላው ግን ዓመቱን ሙሉ የሚይዝና የበረታ ነው። ጥር ደረቅ ወር ነው ብላችሁ አትተማመኑ።

ከመሄዳችሁ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ጤና ተቋም ሂዱና መከላከያ መድኃኒት ጠይቁ። ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ዶክሲሳይክሊን ነው። ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀደም ብሎ ይጀመራል፣ እዚያ እያላችሁ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ከተመለሳችሁም በኋላ 4 ሳምንት ይቀጥላል። ሰው የሚያጠፋው መጨረሻው ላይ ነው፤ ቤቱ ሲገባ ያቆመዋል። ከ8 ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። ልጅህ 9 ስለሆነች በኪሎዋ ይታሰብላታል፣ ያንን ባለሙያው ይወስን። መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ስስ ስለሚያደርግ ኮፍያ አይረሳ።

አጎበር ከቤት ያዙ፤ ሆቴሉ ያለው የተቀደደ ሊሆን ይችላል። ሲመሽ እጅጌው ረጅም የሆነ ልብስ ልበሱ። ከተመለሳችሁ በኋላ ከወራት በኋላም ቢሆን ትኩሳት ከያዛችሁ "ጋምቤላ ነበርኩ" ብላችሁ ለሐኪሙ ንገሩት፤ "ጉንፋን ነው" ብላችሁ ቤት አትተኙ።

አማትህ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ? ከወሰዱ ሙቀቱ ሊያደክማቸው ስለሚችል አስቀድመው ሐኪማቸውን ያማክሩ። ኦአርኤስ ጥቂት ፓኬት ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ከ5 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ባለው ጊዜ ጥላ ሥር ይቀመጡ።

ጋሽ አዛውንቱ

ልጆቼ፣ ስለ ወባና ቤንዚን ብቻ አውርታችሁ ከተማዋ ለምን እዚያ እንደተቆረቆረች ሳትነግሩት ልትልኩት ነው?

ጋምቤላ ወደብ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1902 አፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል መሠረት ባሮ ዳር ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ ተሰጠ። ውሉ ላይ የተጠቀሰው ኢታንግ አካባቢ ነበር፣ በኋላ ግን ጣቢያው ጋምቤላ ላይ ሆነ። ክረምት ባሮ ሲሞላ ከካርቱም በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች እስከዚያ ድረስ ይወጡ ነበር። የኢሉባቦርና የወለጋ ቡና በበቅሎና በሰው ጫንቃ ከደጋው ወርዶ መርከብ ላይ ይጫናል፣ ጨውና ጨርቅ ደግሞ ከታች ይመጣል። በጋ ውሃው ሲጎድል መርከብ የለም። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ነጻ ስትወጣ ቦታው ለኢትዮጵያ ተመለሰ፤ ውሉም ሲጻፍ ሱዳን በእንግሊዝና በግብፅ እጅ እስካለች ድረስ ነበር የሚለው።

እና ይህ የመቱ ልጅ "ቁልቁለቱ ነው ዋናው" ያለው ትክክል ነው። በቡና የተጫነች በቅሎ የወረደችበት አቅጣጫ ነው። ጎሬ ስትደርስ ዝም ብለህ አትለፍ። በ1928 ዓ.ም ጣሊያን አዲስ አበባን ሲይዝ ጊዜያዊው መንግሥት የተቀመጠው ጎሬ ነው። ለወንድ ልጅህ ይህን ንገረው፤ የ14 ዓመት ልጅ ስልኩን ትቶ የሚሰማው ነገር ያስፈልገዋል።

የታቦር ሥር

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጁ "መርከብ? ኢትዮጵያ ውስጥ?" ብሎ ከሶፋው ተነሳ። እስቲ አሁን ጋምቤላ የኖረ ሰው ካለ ከተማው ውስጥ ምን እንደምናደርግ ይንገረን። መዋኘቱስ?

ባሮ ማዶ

ለሥራ እዚያ ኖሬያለሁ። መዋኘት አይሆንም። የአገሩ ሰው ሲታጠብ፣ ልጆች ሲዘሉ ታያለህ፤ እነሱ የት ጥልቅ እንደሆነ፣ አዞው የት እንደሚውል ያውቃሉ። ሐዋሳ ሐይቅ አዞ ስለሌለው ልጆችህ ውሃ ዳር ሲደርሱ ጫማ ማውለቅ ይቀናቸዋል። እዚህ እጃቸውን ያዝ።

ጥር ላይ ባሮ ዝቅ ብሎ አሸዋው ይወጣል። ሞልቶ ደፍርሶ ሲጋልብ ማየት ከፈለግክ ነሐሴና መስከረም ነው፣ ያኔ ግን ላይኛው መንገድ ጭቃና ጉም ነው። የየካቲትና የመጋቢት ሙቀት ከባድ ስለሆነ ጥር ይሻላል።

እንደ ሐዋሳው ፍቅር ሐይቅ የጀልባ ሽርሽር ተዘጋጅቶ አይጠብቃችሁም። ታንኳ ያለው ሰው ሊያሻግራችሁ ቢስማማ እንኳ የሕይወት ጃኬት የለውም፤ ልጅ አላሳፍርም። ደስታው ሌላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ሳይበረታ ወንዙ ዳር መሄድ፣ ቀን የማንጎ ዛፍ ጥላ ሥር መቀመጥ፣ ማታ ዓሣ መብላት። የሐዋሳውን የአሞራ ገደል ቆሮሶ ዓሣ ለለመደ ሰው ናይል ፐርች የሚባለው ዓሣ ይገርመዋል፤ አንዱ ቁራጭ ሳህን ይሞላል። (ጣዕሙ ግን ቆሮሶን አይደርስበትም፤ ይህ የእኔ አስተያየት ነው፣ እንዳትጣሉኝ።) ኑዌሮች የሚሠሩት ዋልዋል የሚባል የእህል ምግብ አለ፣ ካገኛችሁ ቅመሱ። ኑዌርን "ማሌ" ብለህ ሰላም በለው፣ ፊቱ ሲፈታ ታያለህ። አኙዋኮችም በእንግዳ ተቀባይነት የታወቁ ናቸው።

ድልድዩን ፎቶ አታንሱ፣ ችግር ውስጥ ትገባላችሁ። ሰውንም ሳትጠይቁ አታንሱ። ብዙ ሰው ረጅምና ቀጭን መልክ አይቶ ካሜራ ይመዛል፣ ያስከፋል። የጋምቤላ ብሔራዊ ፓርክን ለዚህ ጉዞ ተዉት፤ ሰፊ ነው፣ ጠንካራ መኪናና ስካውት ይፈልጋል።

ሆቴል ስትይዝ "ኤሲ አለ?" ሳይሆን "ኤሲው ይሠራል? መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ታስነሳላችሁ?" ብለህ ጠይቅ። ከተማው የስደተኞች ሥራ ላይ ያሉ ድርጅቶች ሠራተኛ ስለሚበዛበት ጥሩ ጥሩው ክፍል ቀድሞ ይያዛል።

የቡና አገር

እኔ ደግሞ ቦንጋን ሳልጠቅስ አላልፍም። ደኑ ከሆነ ልባችሁ ውስጥ ያለው፣ ከጅማ ወደ ከፋ ታጠፉ። መቱ አካባቢ ያለው የያዩ ደንም የከፋውም እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት ተመዝግበዋል። ቦንጋ ቀዝቀዝ ያለች ናት፣ የቡና ሙዚየም አላት፣ የእግዜር ድልድይ የሚሉት የተፈጥሮ ድልድይ አለ፣ ጉሬዛ ዛፍ ላይ ሲዘል ታያላችሁ። አማትም አይደክሙም። ትልቁ ወንዝ ግን ቦንጋ የለም፣ ይህን አልክድም። ቡናው ሲያብብ ማየት ከፈለጋችሁ ደግሞ ጥር ትንሽ ይቀድማል፤ የካቲት መጨረሻ ላይ ዝናብ ካርከፈከፈ በኋላ ጫካው ውስጥ ነጭ አበባና ሽታው ነው።

የታቦር ሥር

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቤት ውስጥ ተመካከርን። አማቴ "ወንዙን ሳላይ አልቀርም" ብለዋል፣ ስለዚህ ቦንጋ ለሌላ ጊዜ። ቪትዟ ትቅር። አንዱ ሐሳብ፦ በአዲስ አበባ በኩል ሁላችንም ጋምቤላ በረን መመለስ። ሁለተኛው፦ መኪና ከነሹፌሩ ተከራይተን በጅማ አድርገን መቱ ሁለት ሌሊት፣ ጋምቤላ ሁለት ሌሊት። ፈቃዴ ግን አንድ ሳምንት ነው።

የመቱ ልጅ

በአውሮፕላን ከሄዳችሁ ደኑን ከላይ እንደ ጎመን ማሳ አይታችሁት ታልፋላችሁ። መሄጃውን በመኪና አድርጉት፣ መመለሻውን አማትህና ልጅቷ ከባለቤትህ ጋር በአውሮፕላን ይምጡ። አንተና ልጁ በመኪናው ተመለሱ። ሶር የምትሄዱት በበቾ በኩል ነው፤ መጨረሻው የእግር መንገድ ስለሆነ ከመንደሩ መንገድ የሚያሳይ ልጅ ያዙ። አማትህ መቱ ቡና እየጠጡ ይጠብቋችሁ፤ ቁልቁለቱ ሲመለሱ ዳገት ነው።

የታቦር ሥር

ይህ ተመችቶኛል። ባለቤቴም የሲስተርን ምክር ካነበበች በኋላ ትንሽ ረጋ ብላለች፣ ሰኞ ጤና ጣቢያ እንሄዳለን። ኪራዩ ላይ ምን ልጠንቀቅ?

ሹፌሩ

ዋጋ ስትነጋገር ነዳጁ በማን እንደሆነ፣ የሹፌሩ አበልና አልጋ በማን እንደሆነ አስቀድመህ ለይ። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚያ ላይ ነው። ሐሳብህን ቀይረህ በመኪናው ባትመለስም የመመለሻውን ቀን ሊያስከፍሉህ ስለሚችሉ እሱም ውል ላይ ይግባ። ትርፍ ጎማውን አስወርደህ እይ፣ ክሪኩም መኖሩን አረጋግጥ። በዚያ መንገድ ሠርቶ የሚያውቅ ሹፌር ካገኘህ ጥቂት ብር ቢጨምርብህም ያዘው፤ የት ማደር፣ የት አለመቆም እንዳለበት ያውቃል።