ፈረሴ ተገጠበብኝ፣ ጥር 23 ደግሞ እየደረሰ ነው

ሰላም የፈረስ ወዳጆች። የምኖረው እንጅባራ አካባቢ ነው። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር አባል ነኝ። እንደምታውቁት ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ ፈረሶቻችንን አስጊጠን እንወጣለን። አባቴም በዚሁ ማኅበር ነው የኖረው፤ ሲያርፍም ፈረሰኞች ናቸው የሸኙት። በዓሉ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው።

ችግሬ ይኸውላችሁ። ዳማው ፈረሴ ጋማው የሚያበቃበት ቦታ ላይ፣ የኮርቻው ፊት በሚያርፍበት፣ ተገጥቧል፤ ኮርቻው ልጦ አቁስሎታል። በጨው ውሃ አጥብለታለሁ፣ ይደርቃል። ትንሽ ስጋልበው ግን ቆዳው መልሶ ይላጣል። ኮርቻው የአባቴ ነው። ለቀጭን ፈረስ የተሠራ ይመስለኛል፣ የእኔው ደግሞ ጀርባው ሰፊ ነው። ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ድብዳብ ብደርብበት ጭራሽ ባሰበት።

የሰፈር ሰው ምክር ለየቅል ነው። አንዱ "ድብዳቡን መሐሉን ቅደደው" ይላል፤ ሌላው "እስኪድን አትጫነው" ይላል። እስቲ እናንተ ንገሩኝ፦ የኮርቻውን እንጨት ማስፋት ይቻላል? በአዊ ዞን ይህን የሚሠራ ባለሙያ የምታውቁ አላችሁ? ቁስሉ ጠግጎ ፀጉር ካበቀለ በኋላስ ስንት ጊዜ ላሳርፈው? ፈረሴን እያሳመምኩ በዓል አልወጣም። የማይሆን ከሆነ ዘንድሮ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ብቻ ቁርጡን ንገሩኝ።