ስድስተኛ ላይ ሴንተር መምረጥ «ወንጀል» ነው እንዴ?

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ትናንት እዚሁ አንዱ የጻፈውን አንብቤ ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ። ቃል በቃል ልድገመው፦ «ስድስተኛ ላይ ሴንተር መምረጥ ወንጀል ነው። ሳር እያለ ማሉዋች ምን ሊሠራ?» ወንጀል! በኤንቢኤ ድራፍት (ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት) ስድስተኛ ተራ ስለደረሰው፣ ዘንድሮ 18 አሸንፎ 64 ስለተሸነፈው ዋሽንግተን ዊዛርድስ እኮ ነው የምናወራው። እንዲህ ያለ ቡድን «አሌክስ ሳር ስላለኝ የሴንተር (ከቅርጫቱ ሥር የሚቆመው ረጅም ተጫዋች) ቦታ ሞልቶብኛል» ይላል? ካማን ማሉዋች ገና 18 ዓመቱ ነው። ቁመቱ 7 ጫማ ከ2። ዱክ ዩኒቨርሲቲ ላይ ከሞከረው 71 በመቶውን አግብቷል። ፓሪስ ኦሎምፒክ ላይ ለደቡብ ሱዳን ሲሰለፍ 17 ዓመቱ ነበር። ደግሞ የኛ ልጅ ነው፣ ጎረቤት። ነገ ማታ፣ ጁን 25፣ 2025፣ ስሙን ካልጠሩ እኔና ዊዛርድስ ተለያየን።

ሦስት ነጥብ፦
«አንዱ» የተባልኩት እኔ ነኝ። ስም መጥራት ምን ያስፈራል? አዎ፣ ወንጀል ነው። አምና ሁለተኛ ላይ አሌክስ ሳርን መረጥን። እሱም 7 ጫማ ነው። አሁን ሌላ ምሰሶ እንጨምር? ግድግዳ የሌለው ቤት ሁለት ምሰሶ ቢኖረው ምን ይጠቅማል? ዛሬ ደግሞ ጆርዳን ፑልን ኒው ኦርሊንስ ላኩት። ማን ይወርውር? ወርዋሪው ትሬ ጆንሰን ቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ላይ በጨዋታ 19.9 ነጥብ አስቆጥሯል። ከሦስት ነጥብ መስመር ወደ 40 በመቶ። ያውም ፍሬሽማን (የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ) ሆኖ፣ 14 ቡድን ወደ ማርች ማድነስ (የኮሌጆች ዋንጫ ውድድር) በላከ ሊግ ውስጥ። ያንተ ልጅ 71 በመቶ ያገባው የዱክ ጓደኛው ኩፐር ፍላግ እያቀበለው፣ እሱ ከላይ እየጣለ ነው። መሰላል ስጠኝና እኔም 71 አገባለሁ።

ሐበሻ ዊዛርድ፦
መሰላል ብሎክ አያደርግም።

ሦስት ነጥብ፦
ሪባውንድም አይወስድ። ኤፕሪል ላይ ከሂውስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር፣ ፋይናል ፎር (የኮሌጆች ግማሽ ፍጻሜ)፣ 21 ደቂቃ ተጫውቶ ዜሮ ሪባውንድ። ዜሮ! ኳሷ በስህተት እንኳ አንዴ እጁ ላይ ትወድቃለች እኮ።

ፓርኪንጉ፦
ለቀባሪው አረዱት አሉ። እኔ ከአሬናው ሁለት ብሎክ ርቄ ፓርኪንግ ነው የምሠራው። ድሮ ጨዋታው ሲያልቅ ነበር ሰው መኪናውን ሊወስድ የሚመጣው። ዘንድሮ ሦስተኛው ኳርተር ሳያልቅ ይሰለፉልኛል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ መጡ። የልጅ ልጃቸው ፋንዲሻውን እንዳቀፈ ያለቅሳል። ቁልፉን እየሰጠሁ «ስንት ለስንት ነው?» ብላቸው «ማየት ካቆምኩ ቆየሁ» አሉኝ። እንግዲህ ለዚያ ሕፃን የሚሆን ሰው ምረጡለት። ሴንተር ይሁን ጋርድ እኔ ምን ቸገረኝ።

የአሌክሳንድሪያው፦
የምርጫ ተራ የሚወጣበት ሎተሪ ነው የገደለን። ሉካ ዶንቺችን የሚያህል ልጅ ለሌከርስ አሳልፎ የሰጠው ዳላስ በ1.8 በመቶ ዕድል አንደኛ ወጣ፣ ፍላግን ሊወስድ ነው። እኛ 14 በመቶ ይዘን ስድስተኛ። ሕጉ ከዚያ በታች መውረድ ስለማይፈቅድልን ነው እንጂ እስካሁን እየወረድን ነበር።

ቡሌትስ 78፦
ልጆች፣ ትንሽ ላስታውሳችሁ። እኔ እዚህ ከተማ ስገባ ቡድኑ ቡሌትስ ተብሎ ላንዶቨር ካፒታል ሴንተር አዳራሽ ነበር የሚጫወተው። በ1985 ማኑቴ ቦልን ከብሪጅፖርት ዩኒቨርሲቲ አመጡት። በሁለተኛው ዙር ነው የመረጡት። 7 ጫማ ከ7። ሰው ሁሉ «ይሰበራል» ነበር የሚለው። በመጀመሪያ ዓመቱ 397 ብሎክ አደረገ። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ። ኳሷ ከእጁ ስትመለስ እንደ በር ድም ትላለች። ደቡብ ሱዳንን አሜሪካ ያወቃት በእሱ ነው፣ ያኔ አገር እንኳ አልነበረችም። ታዲያ ዋሽንግተን ለዲንካ ልጅ እንግዳ ናት? ደግሞ «ሴንተር ወንጀል ነው» ለሚለው ልጄ፦ የዚህን ቡድን ብቸኛ ዋንጫ በ1978 ያመጣው ማን ነው? ዌስ አንሰልድ። ሴንተር። በ1968 ሁለተኛ ላይ የተመረጠ።

ሦስት ነጥብ፦
ጋሼ፣ እርስዎን ማክበሬ እንዳለ ሆኖ፣ በ1978 የሦስት ነጥብ መስመር በኤንቢኤ አልነበረም። የመጣው በዓመቱ ነው። ማኑቴንም እወደዋለሁ፤ ግን የመረጡት በሁለተኛው ዙር ነው ብለዋል ራስዎ። እኔ ያልኩት «ስድስተኛ ላይ» ነው። ሃያኛ ላይ ከሆነ ሁለት ማሉዋች አምጡ።

ቡሌትስ 78፦
ቃሉን አታሳንሰው። «ወንጀል» ነው ያልከው።

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ስድስተኛ ላይ የተፈጸመ ወንጀል ልንገርህ? 2011። ያን ቬሴሊ። ስድስተኛ። ክሌይ ቶምፕሰን አሥራ አንደኛ ሄደ። ካዋይ ሌናርድ አሥራ አምስተኛ። ቬሴሊ ሴንተር ነበር እንዴ? ክንፍ ላይ የሚሮጥልን ነው ተብሎ ነው የመጣው። ወንጀሉ ቦታው ሳይሆን ዓይናችን ነው።

ሦስት ነጥብ፦
ክሌይ ቶምፕሰን ምን ነበር? ወርዋሪ። አመሰግናለሁ።

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ቆይ አልጨረስኩም። 2022፣ አሥረኛ ላይ፣ ጆኒ ዴቪስ። ጋርድ። ዊስኮንሲን ላይ በጨዋታ 19.7 ነጥብ። ካንተ ትሬ ጋር የሚለየው በ0.2 ነው! ከሱ ሁለት ቦታ ዝቅ ብሎ ጄለን ዊሊያምስ ተመረጠ። ሰሞኑን በፋይናሉ አምስተኛ ጨዋታ 40 ሲያስቆጥር አይተኸዋል? ዋንጫውንም ትናንት ወዲያ ማታ አንስቷል። እኛ ዴቪስን ሜምፊስ ላክነው፣ እነሱም አሰናበቱት። የኮሌጅ ነጥብ ያጠግባል ያለህ ማነው?

ሦስት ነጥብ፦
ዴቪስ ከሩቅ 30 በመቶ ነበር። ትሬ 40 ነው። 10 በመቶ ላንተ ምንም ካልሆነ ደሞዝህ ላይ ይቀነስና እንይ።

የአሽዶዱ፦
ከእስራኤል ነኝ። እናንተ ማታ አንድ ሰዓት ስትሉ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ ስምንት ነው። ለአገሬ ልጅ ለዴኒ አቭዲያ ስል አራት ዓመት እንቅልፌን ሰጥቻችኋለሁ። በ2020 ዘጠነኛ ላይ መረጣችሁት፣ ታግሳችሁ አሳደጋችሁት፣ ልክ ሊያፈራ ሲል አምና ለፖርትላንድ ሸጣችሁት። ዘንድሮ በጨዋታ 16.9 ነጥብ አመጣ። በምትኩ ያገኛችሁት የ2029 ፒክ (የምርጫ ተራ) ነው። ላም አለኝ በሰማይ! ማንንም ምረጡ፣ ትሸጡታላችሁ።

የአሌክሳንድሪያው፦
ብሮግደንም መጥቷል፣ 14ኛ ፒክም ነበረበት። በሱ ነው ካሪንግተንን ያገኘነው። እሱን አትርሳ።

የአሽዶዱ፦
የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች። ይኸው ነው።

ቴራፕኗ፦
ሁላችሁም ስለ ጎረቤት ስታወሩ እውነተኛውን ጎረቤት ረሳችሁት። ዴሪክ ክዊን! ባልቲሞር ተወልዶ፣ ሜሪላንድ ተምሮ፣ ከዚህ 40 ማይል። በጨዋታ 16.5 ነጥብና 9 ሪባውንድ። ማርች ላይ ኮሎራዶ ስቴትን በመጨረሻዋ ሰከንድ 72 ለ71 የጣለው እሱ ነው። እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ካፌ ውስጥ ነበርኩ፣ ማኪያቶዬ ሰው ላይ ተደፋ። ኳሱን ስጡኝ ለማለት ድፍረቱን ከየት አመጣህ ሲሉት «ከባልቲሞር ነኝ» አለ። በቃ። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሦስት ነጥብ፦
እህቴ፣ ያ ትራቭል ነበር።

ቴራፕኗ፦
ትራቭል አልነበረም!

ሦስት ነጥብ፦
ከመስመሩ እስከ ሰሌዳው ድረስ ኳሷን ሳያነጥር በእግሩ ነው የሄደው። ሻንጣ ብቻ ነው የቀረው።

ቴራፕኗ፦
አንተን ብሎ ዳኛ። ሦስት ዳኞች አይተው ዝም ብለዋል።

ፓርኪንጉ፦
ክዊንም ሴንተር ነው አይደል? ወንጀሉ ሁለት ሆነ።

ባሮ፦
እኔ ደግሞ «የኛ ልጅ» የሚለው ላይ ጥያቄ አለኝ። የጋምቤላ ልጅ ነኝ። አዲስ አበባ ሚኒባስ ውስጥ ረዳቱ ሂሳብ የጠየቀኝ በእንግሊዝኛ ነው። በአማርኛ «መልስ አለኝ» ስለው ታክሲው በሙሉ ዞሮ አየኝ። አንዷ «ውይ፣ አማርኛ ይችላል!» አለች። በገዛ አገሬ። ቁመቴ 1 ሜትር ከ96 ነው፣ ያኔ ማንም «የኛ ልጅ» አላለኝም። አሁን ሩምቤክ ተወልዶ ኡጋንዳ ያደገ ልጅ ዱክ ሲገባ ዝምድና ተቆጠረለት? ሚሊዮነር ሊሆን ሲል?

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፣ አልከራከርህም። እኔ ግን ለሱ የማጨበጭበው ለገንዘቡ አይደለም። ባለፈው ዓመት ለንደን ላይ ደቡብ ሱዳን አሜሪካን 100 ለ99 ልታሸንፍ ስትል፣ ሌብሮን 8 ሰከንድ ሲቀር አግብቶባቸው 101 ለ100 ሲሸነፉ፣ ሶፋው ላይ ነው ያለቀስኩት። ሰፈር ውስጥ ጓደኞቼ ነበሩ ከዚያ አገር።

ባሮ፦
ለቅሶህን አልነሳህም። ብቻ ስታለቅስ ለኛም ቦታ ተው።

ቡሌትስ 78፦
ባሮ፣ ልጄ፣ ትክክል ነህ። የኛ ሰው ይሄን መስማት አለበት።

ሦስት ነጥብ፦
እኔ እኮ ከጅምሩ ምርጫ በዝምድና አይሁን ነው ያልኩት። አሁን ሁሉም ወደኔ መጣ።

ባሮ፦
ወዳንተ አልመጣሁም። ልጁ ይመረጥ ባይ ነኝ። እጁን ሲዘረጋ ጫፍ እስከ ጫፍ ከ7 ጫማ ተኩል በላይ ነው። ሳር ወደ ውጭ ወጥቶ መጫወት ይወዳል፣ ከሥር የሚጠብቅለት ሰው ያስፈልገዋል። እኔ የምለው ስለሚችል ምረጡት ነው። የኛ ስለሆነ አይደለም።

ሦስት ነጥብ፦
21 ደቂቃ።

ባሮ፦
አውቃለሁ።

ሦስት ነጥብ፦
ዜሮ።

ባሮ፦
የ18 ዓመት ልጅ አንድ ክፉ ማታ አየህና ዕድሜ ልክ ፈረድክበት። ሌላው ዱክስ? 35 ሰከንድ ሲቀር በ6 ነጥብ እየመሩ ተሸነፉ። ፍላግም እዚያው ሜዳ ላይ ነበር። የሱን ቁጥር ለምን አትደጋግምም?

የአሌክሳንድሪያው፦
ኤስ ቤይሊ እስከ ስድስተኛ ቢተርፍስ? ረትገርስ ላይ 17.6 ነጥብ…

ፓርኪንጉ፦
ፊላደልፊያ ሊያየው ቀጠሮ ይዞለት የሰረዘው ልጅ? የኛን ፓርኪንግ እንኳ በቀጠሮ ካልመጣህ አናስገባህም።

ቴራፕኗ፦
ክዊን የትም አይቀርም። ከባልቲሞር ነው። ማግሲ ቦግስም ከባልቲሞር ነው፣ 5 ጫማ ከ3 ሆኖ በ1987 አሥራ ሁለተኛ ላይ መረጣችሁትና በዓመቱ ሻርለት ወሰደው። የሰፈራችሁን ልጅ መጣል ልማዳችሁ ነው።

ቡሌትስ 78፦
ማግሲና ማኑቴ ጎን ለጎን ሲቆሙ አይቻለሁ። አንዱ የሌላውን ወገብ አይደርስም። የዚያን ዓመት ያህል ስቄ አላውቅም።

ሦስት ነጥብ፦ (ጁን 26)
ትሬ ጆንሰን። ስድስተኛ። ቴክሳስ። ሌላ የምጨምረው የለኝም። ይልቅ አለኝ፦ ወንጀሉ አልተፈጸመም።

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ማሉዋች አሥረኛ ተጠራ። የሂውስተን ሮኬትስን ኮፍያ አድርጎ ፊኒክስ ሄደ፣ የኬቨን ዱራንት ልውውጥ ውስጥ ገብቶ። እንባው ሲወርድ አይታችኋል? እናንተ ዘንድ ልብ የለም።

ባሮ፦
አየሁ። አብሬው አለቀስኩ።

የአሽዶዱ፦
አንተ ግን «ተለያየን» አላልክም ነበር? ምን ትሠራለህ እዚህ?

ሐበሻ ዊዛርድ፦
ዕቃዬን ልወስድ ነው የመጣሁት። በነገራችን ላይ፣ ሰመር ሊግ ላይ ፊኒክስና እኛ እንገናኛለን እንዴ? የሚያውቅ ካለ።

ሦስት ነጥብ፦
«እኛ»?

ሐበሻ ዊዛርድ፦
አፍ አመል ሆኖበት ነው።

ቴራፕኗ፦
ክዊን አሥራ ሦስተኛ! ኒው ኦርሊንስ እሱን ለማግኘት ለአትላንታ 23ኛውን ፒክና የ2026ን የመጀመሪያ ዙር ፒክ ያለ አንዳች ገደብ ሰጠ። ሰው ምን ያህል እንደፈለገው አያችሁ?

የአሌክሳንድሪያው፦
ኒው ኦርሊንስ ምን ያህል እንዳበደ ነው ያየሁት። ገደብ የሌለው ፒክ ለአሥራ ሦስተኛ?

ቴራፕኗ፦
ቅናት።

ፓርኪንጉ፦
ይሄ ትሬ የተባለው ልጅ መኪና ይነዳል? ቦታ ልያዝለት።

የአሽዶዱ፦
አትድከም፣ ይሸጡታል። ግን እውነቱን ንገሩኝ፣ ያ የክዊን ኳስ ትራቭል ነበር?

ሦስት ነጥብ፦
ነበር።

ቴራፕኗ፦
አልነበረም!