ኮምቦልቻ ላይ ሙሉ መስታወት ቢሮ፤ መብራት ሲጠፋ ውስጥ ያለው ሰውስ?

ቦርከና፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ ፊቱ ወደ ምዕራብ የዞረ ጂ+4 ቢሮ ዲዛይኑ ሊያልቅ ነው። ባለቤቱ የማይከፈት መስታወት፣ ኤሲ (አየር ማቀዝቀዣ)፣ የካርድ በርና የሴንሰር መብራት ይፈልጋል። «ሠራተኛው ምንም መንካት የለበትም» ባይ ነው። አሉሚኒየሙ ከመታዘዙ በፊት ምን ይስተካከል?

ጦሳ፦
አብሽር፣ ገና አልረፈደም። መጀመሪያ የምዕራቡ ፀሐይ። ከሰዓት በኋላ ዝቅ ብላ ስለምትገባ ከመስኮቱ በላይ ወደ ውጭ የወጣ ስላብ (የኮንክሪት ጥላ) አያግዳትም፤ ቀጥ ብለው የቆሙ መከለያዎች ይሻላሉ። ስላብ የሚሠራው በደቡብ በኩል ነው፦ ታኅሣሥ ላይ የእኩለ ቀን ፀሐይ 55 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትሆን 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት 1 ሜትር ያህል ይበቃል። መጋረጃ ከውስጥ ብትሰቅል ሙቀቱ አንዴ ገብቷል።

መስኮቱ የግድ ይከፈት። የሚከፈተው ከወለሉ ቢያንስ 5 በመቶ ይሁን፤ ለ40 ካሬ ክፍል 2 ካሬ ማለት ነው። ተንሸራታች ከሆነ ግን የሚከፈተው ግማሹ ብቻ ስለሆነ 4 ካሬ ፍሬም ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአንድ ወገን ብቻ የሚገባ አየር የጣሪያውን ከፍታ 2 እጥፍ ያህል ቢሄድ ነው፣ በ3 ሜትር ጣሪያ 6 ሜትር። በትይዩው ግድግዳም መስኮት ከተከፈተ እስከ 15 ሜትር ይዘልቃል።

ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ኤሲ ደግሞ ያንኑ አየር መልሶ ያዞራል እንጂ ንጹሕ አያስገባም። ለአንድ ሰው በሰከንድ 10 ሊትር ገደማ ያስፈልጋል። ዝግ አዳራሽ ውስጥ ሰው ሲያንቀላፋ ስሙ ስንፍና ይባላል! ከተማው 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነ አየሩ ከባሕር ጠለል 20 በመቶ ያህል ይሳሳል፤ የኤሲውንም የጄኔሬተሩንም አቅም ካታሎጉ እንዳለው አትውሰድ።

ገራዶ፦
በሩን እኔ ልጨምር። ማግኔት ቁልፍ ኃይል ሲቋረጥ ይለቃል፤ ባትሪ ከተገጠመለት ግን ይዞ ይቆያል። ስለዚህ ከእሳት ማስጠንቀቂያው ጋር ይያያዝ፣ ከውስጥም ያለ ካርድ በእጀታ ይከፈት። ሊፍቱ በባትሪ ወደ ቅርብ ፎቅ የሚያደርስ መሣሪያ ይኑረው። የመብራት ሴንሰሩ የሚያየው እንቅስቃሴን ስለሆነ፣ ዝም ብሎ የሚጽፍ ሰው ለእሱ የለም። መብራቱን እስኪያጠፋ የሚቆይበትን ጊዜ ከ2 ደቂቃ ወደ 15 አርዝሙት፣ የእጅ ማብሪያም ይጨመር። አለዚያ በሩ በድንጋይ ይደገፋል፣ ሴንሰሩ በፕላስተር ይለጠፋል። ከዚያ ሠራተኛው አበላሸ ይባላል።

ቦርከና፦
አመሰግናለሁ። ባለቤቱ ደግሞ አቧራና የከባድ መኪና ጩኸት ይላል፤ ዋናው መንገድ ዳር ነው።

ጦሳ፦
እውነቱን ነው። በመንገዱ በኩል ዝቅ ያለው መስታወት የማይከፈት ይሁን፣ ከጣሪያ ሥር 40 ሳንቲ ሜትር የሚከፈት ይተውለት። በጓሮ በኩል በሰፊው ክፈቱ፣ ከውስጥ በሮች በላይም አየር ማሳለፊያ ይኑር። ላይኛው መክፈቻ በፍርግርግና በወንፊት ተሸፍኖ ሌሊት ክፍት ይደር፤ ኮንክሪቱ ከቀዘቀዘ ኤሲው ጠዋት ዘግይቶ ይነሣል።

ይህንኑ ፕላን ደሴ ወስዳችሁ እንዳትደግሙት። እዚያ ከ2,400 ሜትር በላይ ስለሆነ ችግሩ ብርድ ነው፤ የታኅሣሥ ፀሐይ በደቡብ መስኮት ትግባ።